አምስት በሠላሳ፣ ሠላሳ በአምስት

ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል። ይህን የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ብቻ። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስለ ሞቱ ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ለአሥራ አንድ ቀን ብቻዬን ስለተሸከምኩት ፍርሃት፣ ፍርሃቱም እንዴት እንደለቀቀኝ እጽፋለሁ።

እሱ እዚህ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን፣ በቦዲቲ በኩል ወጥቶ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ከተማ ላይ ያለ አንድ ሆስፒታል የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን ሲያስገባ፣ ለልኬቱ ሥራ እሱን ጠሩት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደ ይመለስ ነበር። የትውልድ ቦታው ዲምቱ ነው። ለበዓል ስንሄድ አጎቱ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል።

«አሁን እዚያ ሆስፒታል ምንድን ነው የምትሠራ?»

«እለካለሁ።»

«መሬት ነው?»

«አይደለም አጎቴ፣ የማይታይ ነገር ነው።»

አጎቱ ወደ እኔ ዞረው «የማይታይ ነገር ለክቶ ደመወዝ የሚበላ በዘራችን እሱ ብቻ ነው» ይሉና ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

እኔም ብዙ አላውቅም ነበር። የነገረኝ ይህን ያህል ነው። ሐኪሙ ለበሽተኛው ይህን ያህል ጨረር ይሰጠው ብሎ ያዝዛል። ጨረሩ የሚወጣበት መስኮት ግን ለእያንዳንዱ ሰው ይሰፋል፣ ይጠባል። ጨረር ደግሞ ቀጥ ብሎ ብቻ አይወርድም፤ የነካውን ሁሉ እየመታ ይበተናል፣ የተበተነውም ከዋናው ጋር ይደመራል። ስለዚህ ማሽኑ በሁሉም መስኮት እኩል አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ስፋት ምን ያህል እንደሚሰጥ አስቀድሞ መለካት አለበት። የእርሳስ ጫፍ የምታህል መለኪያ በውሃ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ጨረሩን ይለቃል፣ ያነባል፤ መስኮቱን ይቀይራል፣ እንደገና ያነባል። «ከሰው በፊት ውሃው ይታከማል» ይለኝ ነበር። ሠንጠረዡ ሲያልቅ በሽተኛ ይተኛል።

ጉበቱን ታሞ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው በመጨረሻው ክረምት ነው። መንገዱ እየከበደው መጣ። አንድ ሐሙስ ሲመለስ ከአውቶቡስ መናኸሪያ እስከ ቤት በባጃጅ የመጣው ጭንቅላቱን በብረቱ ላይ አስደግፎ ነበር። የማሽኑ አንድ ክፍል ተቀይሮ ስለነበር ሁሉንም እንደ አዲስ ለክቶ መምጣቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢ ለብሶ ሶፋው ላይ እንደተኛ ደብተሩን ሰጠኝ።

«ይህን ወደ ኤክሴል ገልብጪልኝ። ሰኞ መላክ አለብኝ፣ ጣቶቼ ፊደሉን እየሳቱት ነው።»

«እንዳለ ልገልብጠው?»

«እንዳለ። የኔ መምህር፣ ምንም እንዳትነኪ።»

እኔ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። የሰው ደብተር ሳይ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ያን ቀን ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እሱ እያንቀላፋ መገልበጥ ጀመርኩ። ሁለት ሦስት ገጽ በሰላም ሄድኩ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ።

መስኮቱ አምስት በሠላሳ ሴንቲሜትር ሲሆን አንድ ቁጥር ጽፏል። ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ መስኮቱ ሠላሳ በአምስት ሲሆን ሌላ ቁጥር ጽፏል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ግን ልዩነት ነው። ወደ ታች ወረድኩ፤ አራት በሃያ እና ሃያ በአራትም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ ጥንድ አምስት አገኘሁ፤ በአምስቱም ሁለቱ ቁጥሮች አይስማሙም።

አምስት ሲባዛ በሠላሳ እና ሠላሳ ሲባዛ በአምስት አንድ መሆኑን የአሥር ዓመት ልጅ ያውቃል። ያው መስኮት ነው፣ ዞሮ መተኛቱ ብቻ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል፣ እጁ በእንቅልፉም ይንቀጠቀጣል። መለኪያውን ሲያስቀምጥ እጁ ስቶበት ነው አልኩ። በሕይወቱ ቁጥር ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። ብነግረው ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ ይሄዳል፤ ወይም መሄድ አቅቶት እዚያው ሶፋ ላይ ያፍራል። ሁለቱንም ማየት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ሁለቱን ደመርኩ፣ ለሁለት አካፈልኩ፣ በሁለቱም ቦታ አንድ ቁጥር ጻፍኩ። በአምስቱም ጥንድ እንዲህ አደረግኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ብደብቅ ይህን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ስህተቱን ማንም ሳያይ የሸፈንኩለት መሰለኝ።

ሲነቃ ላፕቶፑን ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከንፈሩን ነከስ አድርጎ «ጎበዝ» አለኝና ዘጋው። ሕመሙ መስሎኝ መድኃኒቱን አመጣሁ። ሰኞ ጠዋት «ልከኸዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ልኬዋለሁ» አለኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሞተ።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ተነሣ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች መጡ፣ የዲምቱ ዘመዶቹ በሁለት ሚኒባስ መጥተው ቀናት ቆዩ። ሰው ሁሉ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ የተለካ ነገር ብዙ መሆኑን አየሁ። የቁም ሣጥኑን ከግድግዳ ፈቀቅ ሳደርግ ከጀርባው በእርሳስ ስፋቱንና ከፍታውን ጽፎ አገኘሁ። የመጋረጃው ዘንግ ላይ፣ የምጣዱ ክዳን ሥር፣ የበሩ ጉበን ላይ ቁጥሮች አሉ። በየቦታው የእጁን ጽሕፈት እያገኘሁ እቀመጥ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ተማሪው የነበረች፣ አሁን በዚያው ሆስፒታል የጨረር ፊዚክስ ባለሙያ የሆነች ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። ከቢሮው የቀሩትን ዕቃዎች በካርቶን ይዛ ነው፤ መነጽሩን፣ ሹራቡን፣ አንድ የነሐስ ቆብ። ቆቡን መለኪያው ላይ የሚገጥም አድርጎ እዚሁ ሶዶ ብረት ቤት ያስቀረጸው ነው። ሻይ አቀረብኩላት። ስለ እሱ ማውራት ፈልጋለች፣ እኔም መስማት ፈልጌያለሁ።

«እትዬ፣ ጋሼ የመጨረሻ ጊዜ የለኩት እኮ ለተማሪ ምሳሌ የሚሆን ነው» አለችኝ። «እንደዚያ ታመው፣ የመንጋጋዎቹን ልዩነት እንኳ ጥርት አድርገው አውጥተውታል።»

«የምን መንጋጋ?» አልኳት።

ብርጭቆዋን አስቀምጣ በእጆቿ ታሳየኝ ጀመር። ማሽኑ ውስጥ እንደ ቤታችን የመብራት ቆጣሪ ያለ ነገር አለ። ጨረሩ መጀመሪያ በቆጣሪው ውስጥ ያልፋል፤ ቆጣሪው የታዘዘውን ያህል ቆጥሮ ሲሞላ ማሽኑን ያጠፋዋል። ከቆጣሪው በታች መስኮቱን የሚሠሩ ሁለት ጥንድ ወፍራም የብረት መንጋጋዎች አሉ፤ አንዱ ጥንድ ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ እንደ መስቀል ተሻግረው። የላይኛው ጥንድ ሲጠብ ጨረሩ ብረቱን ይመታና ጥቂቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይበተናል።

«ቆጣሪው ደግሞ ወጪውንና ተመላሹን አይለይም» አለች። «የተመለሰበትንም የሰጠሁት ነው ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ሳይሞላ ሞላ ብሎ ያጠፋል፣ በሽተኛው ትንሽ ይጎድልበታል። የታችኛው ሲጠብ ግን ከቆጣሪው ስለሚርቅ ተመላሹ ብዙም አይደርስም። ለዚህ ነው አምስት በሠላሳ እና ሠላሳ በአምስት እኩል የማይሆኑት። የቱ ጥንድ እንደጠበበ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ አንድ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጋሼ ግን…»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ሻይ ልጨምር ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆምኩ። ስመለስ ምንም አልነገርኳት። እስከ በር ሸኘኋት፣ ሳምኳት፣ ዘጋሁ። ከአሥራ አንዱ ቀን ያን ዕለት አንድ አልኩ።

መደወል ይቻል ነበር። ስልኩን እያነሣሁ እመልሰው ነበር። ሠንጠረዡን የላከው እሱ ነው፤ ስሙ ከላይ አለበት። «የሞተው ሰውዬ ስህተት» ይሉታል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከዚህ የባሰው መጣብኝ።

የአጥር ጎረቤቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። የጉሮሮ ቧንቧዋ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባት ያን ሰሞን ጨረር ጀምራ ነበር፤ በዚያው ማሽን። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ከተማ እህቷ ዘንድ እያደረች ትታከማለች፣ ቅዳሜና እሑድ ሶዶ ትመጣለች። መስኮቷ ምን እንደሚመስል እሷው አሳይታኛለች። ደረቷ ላይ በቀለም የተሰመረ ነው፤ ጠባብና ረጅም።

አማርኛዋ ከወላይትኛዋ ላይ የተደረበ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«አንተ መምህር! ከስተሃል። እኔ ነኝ በሽተኛ ወይስ አንተ?»

«ደኅና ነኝ። አንቺ እንዴት ነሽ?»

«ያቃጥለኛል። ውሃም ያቃጥለኛል። ትናንት ጎደሬ፣ ቦይና ቀቅዬ፣ ያንን የበርበሬ ዳታ ሳልነካ እንኳ፣ አንድ ጉራሽ አልወርድ አለኝ። ቦይና ያለ ዳታ! እናቴ ብታይ ከመቃብር ትነሣ ነበር።» ሳቀችና ጉሮሮዋን ያዘች።

ለካ ጨረር በጉሮሮ ሲሰጥ በመሃሉ ማቃጠሉ የታወቀ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን አላውቅም። እኔ የጻፍኩት ቁጥር ነው ያቃጠላት አልኩ። ወይም ደግሞ ጎድሎባት ዕጢው እየሳቀባት ነው። በየትኛው በኩል እንደበደልኳት እንኳ አላውቅም፤ ምክንያቱም አማካኝ ሲወሰድ አንዱ ይጎድላል፣ ሌላው ይተርፋል። በነጋታው ትምህርት ቤት ሄጄ የአንድ ቀን ፈቃድ ለመንኩ። የዚያ ሳምንት ሰኞ ሕክምና ስላልነበራት እሷ የምትሄደው ማክሰኞ ነበር፤ አብሬያት አውቶቡስ ገባሁ።

«አንተ ለምን ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«የሱ ዕቃ ቀርቷል» አልኩ። ዋሸኋት። እስከ ቦዲቲ ስለ ቅቤ ዋጋ አወራችልኝ፣ ከቦዲቲ በኋላ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ደብተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ እስክንደርስ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ልጅቷን በማሽኑ መቆጣጠሪያ ክፍል አገኘኋት።

«እትዬ! ምነው ሳይደውሉ? ደኅና ነዎት?»

«ልጄ፣ በሩን ዝጊው» አልኳት። ቁጭ አልኩ፣ ደብተሩን ከፈትኩ፣ ጣቴን አምስት በሠላሳ ላይ አደረግኩ። «እሱ የለካው ትክክል ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልዩነቱ ስህተት መስሎኝ አማካኝ ወስጄ ጻፍኩ፤ የተላከላችሁም ያ ነው። እሱ አያውቅም። የምትጠይቁት ካለ እኔን ጠይቁ። ብቻ አሁኑኑ ማሽኑን አስቁሙልኝ፣ ጎረቤቴ ልትገባ ነው።»

ልጅቷ ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ለማልቀስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ አምልጧት ነው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ይቅርታ። ይህን እኮ እናውቃለን።»

«እንዴት ታውቃላችሁ?»

«ጋሼ ያኔውኑ ደውለውልኛል።» ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና እጄን ያዘች። «‹ሁለት ነገር ይደርስሻል› አሉኝ። ‹የደብተሬ ፎቶ አለ፤ በእሱ ሥሪ። ሌላው ባለቤቴ ያረመችው ነው፤ እሱን አስቀምጪው፣ እንዳታጠፊው። ለእሷም እንዳትነግሪያት› አሉኝ። እኔም ታዲያ ለምን ይልኩታል ስላቸው፣ ‹ሰኞ ጠዋት ልከኸዋል ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ ልኬዋለሁ ስል እንዳልዋሽ ነው› አሉ።»

እኔ እንዳያፍር ብዬ ደበቅኩት፤ እሱ እንዳላፍር ብሎ ደበቀኝ። ሶፋው ላይ ከንፈሩን ሲነክስ ሳቁን እያፈነ ኖሯል። እኔ መድኃኒት አመጣሁለት፣ እሱም ዋጠልኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር፤ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ አብረን እንስቅ ነበር አልኩ በልቤ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ በለቅሶው ቀን እንደመጣው ዓይነት ግን አልነበረም።

«ያን ቀን ቤትዎ መጥቼ ሳወራ ከአፌ ሊያመልጠኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «ፊትዎ ሲለወጥ ሐዘኑ መስሎኝ ነው።»

«እሺ፣ ባይደውልስ ኖሮ?» አልኳት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። መምህር ነኝና መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ማየት እፈልጋለሁ።

«ባይደውሉም አይገባም ነበር። ሁለተኛ ሰው ሳይለካው ወደ ማሽኑ የሚገባ ቁጥር የለም። ጋሼ የለኩትን ሳላይ እኔ ከዜሮ ለካሁት፤ ከዚያ አስተያየነው። ከደብተራቸው ጋር ገጠመ። የእርስዎ ቢሆን አምስቱም ቦታ ላይ ይያዝ ነበር።»

በዚህ መሃል የማሽኑን ክፍል በሚያሳየው ቴሌቪዥን ላይ ጎረቤቴ ስትገባ አየኋት። ነጭ ጨርቅ ለብሳ አልጋው ላይ ወጣች፣ እጆቿን ወደ ላይ አነሣች። በሩ ተዘጋ። በቴሌቪዥኑ ላይ እየተመለከትኳት ቆጣሪው ሲቆጥር ቆይቶ ቆመ። የታዘዘላትን ነው ያገኘችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታዘዘላትን ነው ያገኘችው።

በምሳ ሰዓት በሽተኞቹ ሲያልቁ ልጅቷ «ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩት» አለችኝ። ውሃን እንዲመስሉ ከተሠሩ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መሃል መለኪያውን አስገባች። ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ተመልሰን የላይኛውን መንጋጋ በአምስት፣ የታችኛውን በሠላሳ አደረገች። ቆጣሪው መቶ እንዲቆጥር አዘዘችው። ማንበቡን ለእኔ ተወችልኝ። ጻፍኩ። ከዚያ መንጋጋዎቹን አለዋወጠች፤ መስኮቱ ያው፣ መቶውም ያው። አነበብኩ። ከነጥቡ በኋላ ባሉት አሃዞች ሁለተኛው በለጠ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ በለጠ።

ቁጥሮቹን በደብተሩ ውስጥ ከእሱ ቁጥሮች ሥር ጻፍኳቸው። የእሱ ጽሕፈት እየተንቀጠቀጠ ነው የተጻፈው፣ መስመሩን እየለቀቀ። ልኬቱ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ከግቢው ስወጣ ራበኝ። ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ በእውነት ራበኝ። ጎረቤቴ በር ላይ ካለው ምግብ ቤት ተቀምጣ ሾርባዋን እያቀዘቀዘች አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ስለ ደብተሩ፣ ስለ አማካኙ፣ ስለ አሥራ አንዱ ቀን፣ በአውቶቡስ ውስጥ ስለዋሸኋት። ማንኪያዋን ይዛ ሰማችኝ።

«እና ልትገድለኝ ነበር?» አለችኝ።

«ሳላውቅ።»

«በሒሳብ?»

«በሒሳብ።»

«ባልህስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እና ዝም አለህ?»

«ዝም አለኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። «የእኔ ባል ሹሮ ላይ ጨው ሲበዛ ሰፈር ይጠራል።» ከዚያ ፊቷን ቀየር አድርጋ ትንሽ አየችኝ። «ገና ዘጠኝ ቀን መታከም ይቀረኛል። የእኔን ጨረር አልነካኸውም አይደል፣ እርግጠኛ ነህ?»

«በዓይኔ አየሁ። ራሴ አነበብኩት።»

«በቃ ብላ» አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋች። እሷም ከሾርባው አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቅኳት። ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ፣ ፊቷ ተኮማተረ፣ ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ወረደ» አለች።